ላሊበላን የሠሩት ቴምፕላሮች አይደሉም፦ ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በወሎ ቅርሶችና ታሪክ ላይ ስለሚነዛው የሚስጥር ማኅበራት ተረት

የተከበሩ የቢሮው ኃላፊ፣

ሰላምታዬ ከደሴ ይድረስዎ። የምጽፍልዎ ስለ በጀት አይደለም፤ ስለ መንገድም አይደለም። ስለነዚያ የሚጽፍልዎ ሰው ሞልቷል። የእኔ ጉዳይ ወሬ ነው። ለወሬ ደግሞ ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ቢሉኝ፣ ይኼኛው ወሬ ቅርሳችንን ከሠሪዎቹ እጅ እየነጠቀ ስለሆነ ይጻፋል እላለሁ።

በቲክቶክና በዩቲዩብ የሚዞረውን ሳይሰሙት አይቀሩም። ላሊበላን የሠሩት ቴምፕላሮች፣ የመስቀል ጦርነት ዘመን የአውሮፓ መነኩሴ ወታደሮች፣ ናቸው። መጽሐፈ ሄኖክን ፍሪሜሰኖች የሚባሉት የአውሮፓ የሚስጥር ማኅበር ሰዎች ዘርፈውት ሄዱ። ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ያወረደው የማይታይ እጅ ነው። አስፈሪ ሙዚቃ ከኋላ ይለቀቃል፤ ድምፁ የጎረነነ ሰው ይተርካል። ከሥሩ «እውነቱ ወጣ!» የሚል የአስተያየት መዓት ይከተላል።

ወጣቱ ይህን ማየቱ አልገረመኝም። የገረመኝ ወሬው አስጎብኚ አፍ ውስጥ መግባቱ ነው። ላሊበላ፣ ቤተ ማርያም ቅጥር ግቢ ውስጥ ከአንድ የጎብኚዎች ቡድን ጀርባ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አስጎብኚው ወጣት ነው፤ እንግሊዝኛው ጥርት ያለ ነው። ከምዕራቡ መግቢያ በላይ የተቀረጹትን ፈረሰኞች እየጠቆመ፣ «አንዳንዶች የቴምፕላር ባላባቶች ናቸው ይላሉ» አለ። ካሜራው ሁሉ ወደ ላይ ዞረ። ልጁን አልፈርድበትም። ቲፕ የሚያስገኘው ይኼ ታሪክ ነው።

ግን እስቲ ቅርጹን ቀርበው ይዩት። ፈረሰኞቹ የሚወጉት ዘንዶ ነው። ዘንዶ የሚወጋ ፈረሰኛ የሌለበት የትኛው ቤተ ክርስቲያናችን ነው? የቴምፕላሮች ማኅተም ላይ ያሉት ደግሞ በአንድ ፈረስ የተፈናጠጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሌላ ሥዕል ነው።

ቴምፕላሮች ተረት አልነበሩም። በ1119 እ.ኤ.አ. አካባቢ ኢየሩሳሌም ላይ የተቋቋሙ፣ ምንኩስናን ከወታደርነት ጋር ያጣመሩ ሰዎች ነበሩ። ገንዘብ ያስቀምጡ ነበር፤ ለነገሥታትም ያበድሩ ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ 4ኛ ዕዳቸው ነበረበት። ኦክቶበር 13 ቀን 1307 እ.ኤ.አ. በአንድ ቀን አሳፈሳቸው። በ1312 የሮማው ጳጳስ ክሌመንት 5ኛ ማኅበሩን አፈረሱት። አለቃቸው ዣክ ደ ሞሌ በ1314 ፓሪስ ላይ በእሳት ተቃጠለ። ክሱ ተጽፏል፤ የምርመራ ቃላቸውም እስከ ዛሬ ይነበባል። ላስታ መጥተው ድንጋይ ስለመፈልፈላቸው ግን የሚመሰክር ሰነድ የለም። ወሬውን በሰፊው የዘራው በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ የአንድ የብሪታንያ ጋዜጠኛ መጽሐፍ ነው።

«መስቀሉስ?» ይላሉ። ጫፉ ሰፋ ያለውን መስቀል አይተው የቴምፕላር ነው ይላሉ። መስቀል በእኛ ሀገር ገንዘብ ላይ የወጣው በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ በ4ኛው መቶ ዓመት ነው። ቴምፕላሮች ሊፈጠሩ ገና 700 ምናምን ዓመት ይቀራል። ማን ከማን ቀዳ ቢባል እንኳ መልሱ ለእነሱ አያደላም።

ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ቤተ አማኑኤል ነው። ግድግዳውን በእጅዎ ቢዳስሱት አንዱ መደዳ ገባ፣ አንዱ መደዳ ወጣ ያለ ነው። ከአንድ አለት ለተፈለፈለ ቤት ይኼ ምን ይሠራለታል? ምንም። አክሱሞች እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ ሲገነቡ የሚወጣው መልክ ነው። ጠራቢው ያንን ግንብ በአለት ላይ ደግሞ ቀረጸው። በእንጨትና በድንጋይ የተሠራውን ማየት የፈለገ እዚያው ላስታ ውስጥ ዋሻ ሥር የተገነባውን ይምርሐነ ክርስቶስን ሄዶ ይይ። ከላሊበላ በፊት የነበረ ነው። የፈረንሳይ ባላባት ይህን ከየት ያመጣዋል? ይኼ የአናጢና የድንጋይ ጠራቢ ልጅ፣ አባቱ ሲሠራ እያየ ያደገ ሰው እጅ ነው። በላሊበላ ስም በግዕዝ የተቀረጸባቸው የእንጨት መንበረ ታቦቶችም እዚያው አሉ። ከዚህ በላይ ፊርማ ምን ይፈለጋል?

እውነቱን ለመናገር ሥራውን ለውጭ ሰው መስጠት አሁን የመጣ አመል አይደለም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ላሊበላን አይቶ ጽፏል። ያየውን ሰው እንዳያምነው ፈርቶ እስከ መማል ደርሷል። እሱም «በ24 ዓመት ነው ያለቀው፤ የሠሩትም ነጮች ናቸው ብለውኛል» ይላል፤ ያዘዘው ግን ንጉሥ ላሊበላ መሆኑንም አብሮ ጽፏል። ስለዚህ ሐሜቱ 500 ዓመት ሞልቶታል። አርኪዮሎጂስቶችም ቢሆኑ በሁሉም አይስማሙም፤ ከላሊበላ ዘመን ቀደም ብሎ የተጀመረ ክፍል አለ የሚሉ አሉ። ይከራከሩ። ክርክሩ በድንጋይና በሰነድ ላይ ነው፤ በሙዚቃ አይደለም።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። መላእክት ሌሊት ሌሊት አግዘዋል የሚለውን የገድሉን ቃል አልነካም። እሱ የምእመኑ እምነት ነው፤ ቦታውም ክብሩም የታወቀ ነው። ቤተ ማርያም ውስጥ በጨርቅ የተሸፈነው አምድም እንደተሸፈነ ይኑር። ታቦትም ተሸፍኖ ነው የሚወጣው። የተሸፈነ ነገር ሁሉ ሴራ ከሆነ ሀገሩ በሙሉ ሴረኛ መሆኑ ነው። በክታብ ላይ ደብተራው የሚስላቸውን ትልልቅ ዓይኖች አይተው «ኢሉሚናቲ!» ያሉ ልጆች ገጥመውኛል። ዓይኑ የተሳለው ቡዳንና ዛርን ለማስፈራራት ነው፤ ደብተራው ኢሉሚናቲ የሚባል ማኅበር መኖሩንም አያውቅም።

ስለ ሄኖክ ብዙ አልልም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ፍሪሜሰን ነበር፤ እውነት ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ደረሰ፤ ሲመለስም የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ይዞ ሄደ። ቅጂ ነው የወሰደው። መጽሐፉ ከ81ዱ አንዱ ነው፤ የደሴ መጽሐፍ መደብር ገብተው ይግዙት። የጠፋው ከአውሮፓ እንጂ ከእኛ አልነበረም።

የኢሉሚናቲም ታሪክ አጭር ነው። አዳም ቫይስሃውፕት የሚባል የሕግ መምህር በሜይ 1 ቀን 1776 እ.ኤ.አ. ባቫሪያ ውስጥ ኢንጎልሽታት ከተማ አቋቋመው። የባቫሪያ ገዢ በ1784 እና በ1785 በአዋጅ ከለከለው። ከዚያ ደግሞ መንግሥት የያዘውን የማኅበሩን ወረቀት አሳትሞ ለሕዝብ በተነው። በዓለም ላይ እጅግ ሚስጥራዊ የሚባለው ማኅበር ደብዳቤዎቹ ከ200 ዓመት በላይ በመጽሐፍ መልክ ይሸጣሉ!

አሁን ወደ ወሎ ዋናው ቁስል ልምጣ፤ ልጅ ኢያሱ።

ደሴ ላይ ዛሬም ስሙ ሲነሣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ከጀርባ ያሉት እነማን እንደሆኑ አይታወቅም» የሚል አለ። ኧረ ይታወቃል! መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል፣ የሸዋ መኳንንት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ነው ያወረዱት። እሱ ሐረርጌ ነበር። አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩበት። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን አዘነበለ ብለው ሲገፉ ነበር። ዘውዲቱ ነገሡ፤ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። አባቱ ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወጡ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ስም አለ፤ ቀን አለ፤ ቦታ አለ። የማይታየው እጅ የቱ ጋ ነው?

ሰለመ የተባለበት መንገድ ግን ልብ ሊባል ይገባል። ጥምጣም ጠምጥሞ የሚታይባቸው ፎቶዎች ተበተኑ፤ ከነዚያ ውስጥ የተቀናበረ አለ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልሞተም። ከሙስሊሙ ጋር መቀራረቡ፣ ለእሱ የግዛቱን ሰዎች ማቀፍ የነበረው ነገር፣ ለሌሎቹ የተደበቀ ሴራ ተደርጎ ተተረጎመ። በሚስጥር ሴራ ወሬ አንድ ጊዜ ዋጋ የከፈልነው እኛ ነን ማለት ነው። ያውም አባቱ ንጉሥ ሚካኤል ኢማም መሐመድ አሊ ነበሩ፤ ክርስትና የተነሡት ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ፣ በአፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በአደባባይ ነው። ወሎ ላይ ሃይማኖት ያስቀየረው ትእዛዝ በነጋሪት የተነገረ እንጂ በጓዳ የተዶለተ አልነበረም።

ይህን ሁሉ የምለው ለታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። የሚስጥር ማኅበር ወሬ መጨረሻው ጎረቤት ላይ ነው የሚያርፈው። አይሁድ ዓለምን ሊገዙ በሚስጥር መከሩ የሚለው «ሰነድ» በ1903 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ውስጥ በጋዜጣ ወጣ። በ1921 የለንደኑ ታይምስ ከሌላ መጽሐፍ የተገለበጠ የውሸት ጽሑፍ መሆኑን አጋለጠ። አላቆመም፤ ናዚዎች ተጠቀሙበት። ምን እንደደረሰ ዓለም ያውቃል።

እኛ ጋ ያለውን ኑሮ ያውቁታል። ጥሩንባ ሲነፋ ቅሬው፣ ማለትም ዕድሩ፣ አንድ ነው። ድንኳኑን የሚተክለው አህመድም ሊሆን ይችላል፣ ገብሬም። የአንዱ ቤት ወዳጃ፣ የጸሎት መሰባሰቢያው፣ ሲኖር ሌላው ቡናውን ያፈላል፤ ችግር ሲነሣ አስታራቂው አባጋር የሁለቱንም ሽማግሌ ይዞ ይቀመጣል። አሁን ግን በስልክ የሚመጣው ወሬ «እነሱ በሚስጥር እየተደራጁ ነው» ይላል። «እነሱ» የሚለው ደግሞ እንደ ተቀባዩ ይለዋወጣል። ቪዲዮው ያው ነው፤ ስሙ ብቻ ይቀየራል። ይህን የሚያዩት የቅሬው ልጆች ናቸው።

ታዲያ ቢሮዎ ምን ያድርግ?

ወሬ የሚገባው ክፍት ቦታ ሲያገኝ ነው። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ምዝገባ ሲመጣ አንድ ቦታ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ተመዝገቡ» ብቻ ነበር የሚለው። ቁጥሩ 12 አሃዝ መሆኑን፣ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ምን እንደሚመዘገብ በቄሱም በሼኹም ፊት ቁጭ ብሎ ያስረዳ አልነበረም። የአውሬው ቁጥር 666 ነው የሚል ወሬ ገባበት። ቅርሶቻችንም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ጎብኚው ቤተ ማርያም ሲደርስ ማን መቼ እንዴት እንደሠራው የሚነግረው አጥጋቢ ጽሑፍ ካላገኘ፣ ዩቲዩብ ይነግረዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለአስጎብኚዎች አንድ መጽሐፍ ይዘጋጅ። ወፍራም አይሁን። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት የሚለው፣ የጽሑፍ ሰነዱ የሚለው፣ አርኪዮሎጂው የሚለው ለየብቻ ይቀመጥ፤ አይደባለቅ። የቴምፕላሩ ወሬም ይግባ፤ ከየት እንደመጣና ለምን እንደማያስኬድ ተጽፎ ይግባ። ዝም ካሉትማ «ደበቁት» ይባላል። ጦርነቱ የቱሪስት እግር ካሳጠረ ወዲህ አስጎብኚዎቹ ሥራ ፈት ሆነዋል፤ ለሥልጠና ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። አበል ግን ይታሰብላቸው፤ በባዶ ሆድ ሥልጠና አይገባም።

የእንጨት መንበረ ታቦቶቹ ጽሑፍ ከአማርኛ ትርጉሙ ጋር በፎቶ ይውጣ፤ ቤተ ክርስቲያን በፈቀደችው መጠን። ቦሩ ሜዳና ንጉሥ ሚካኤል ባሠሩት የደሴው አይጠየፍ አዳራሽ ላይ ደግሞ የሆነውን በቀንና በስም የሚናገር ሰሌዳ ይተከል። ልጅ ኢያሱን ለማመስገንም ለመኮነንም አይሁን። መስከረም 17 ላይ የፈረመው ማን፣ የፈታው ማን፣ የገፋው ማን፤ ይኼ ይጻፍ። ጽሑፉን ሲያዘጋጁ ከሁለቱም ሃይማኖት አዋቂ ይቀመጥበት።

ለትምህርት ቢሮ ግልባጭ ያደረግሁት ለአንድ ጥያቄ ነው። የወሎ ተማሪ በታሪክ ክፍለ ጊዜ አንድ የዩቲዩብ ቪዲዮ ይከፈትለትና «ይህን ማን አለ? መቼ? ምን አይቶ?» እያለ ይመርምር። መምህራኑ ፈቃድና መጽሐፍ ካገኙ ያደርጉታል። በጎ ፈቃደኛ ካስፈለገ እኔ አለሁ፤ ግዕዝ የሚያነቡ ጓደኞችም አሉኝ፤ ክፍያ አንጠይቅም።

መልስዎን በደብዳቤም ሆነ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በመለጠፍ ቢሰጡን ደስ ይለናል። ብቻ ሁላችንም የምናነበው ቦታ ላይ ይሁን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የደሴ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ
ለሰሜን ወሎና ለደቡብ ወሎ ዞኖች ባህልና ቱሪዝም መምሪያዎች