ከመስኮቱ በፊት እርሾው

ክቡር አዘጋጅ፣

በእኛ በቤተ እስራኤል ዘንድ የአይሁድ ፋሲካ ሰሞን በየቤቱ መስኮት ይወለወላል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ቁም ሣጥን ይገለበጣል። ንጽሕና ማንንም አይጎዳም፤ ግን አቧራ ሐሜጽ (በፋሲካ የማይበላና በቤት የማይገኝ የቦካ እህል) አይደለም። ብዙ እናቶች በሴዴሩ (በፋሲካ መግቢያ ማዕድ) ማታ ገና ሃጋዳው (በማዕዱ የሚነበበው መጽሐፍ) ሳይጋመስ የሚያንጎላጁት ጉልበታቸው መስኮቱ ላይ ስላለቀ ነው። በየጋዜጣው የሚወጣው የዝግጅት ምክር ደግሞ ቶስተርና ብስኩት ያለበትን ወጥ ቤት ያስባል እንጂ ምጣድ፣ ቡሃቃና መሶብ ያለበትን የእኛን ወጥ ቤት አያውቀውም።

መጀመር ያለበት ከእርሾው ነው። በሕጉ ሐሜጽ የሚሆኑት ስንዴ፣ ገብስና የእነርሱ ዘመድ የሆኑ ሦስት እህሎች ናቸው፤ ጤፍ ከአምስቱ አንዱ አይደለም። «እንግዲያስ እንጀራው ምን አለበት?» የሚሉ ወጣቶች ከዚህ ይነሳሉ። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እዚህ እስራኤል ውስጥ በየቤቱ የሚቦካው ሊጥ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ጤፍ አይደለም፤ የስንዴ ዱቄት ይቀላቀልበታል፣ እርሾውም ያንኑ ይዞ ይከርማል። ሁለተኛ፣ በሀገር ቤት አባቶቻችን በፋሲካ የቦካ ነገር በሙሉ ይተዉ ነበር፣ የጤፍ እንጀራም ጭምር። ስለዚህ እርሾው ይደፋ። የቡሃቃው ፕላስቲክ ሽታውን እንደያዘ ይኖራልና ለማንጻት ከመድከም ጠቅልሎ፣ ለበዓሉ ሲባል አይሁዳዊ ላልሆነ ሰው ከሚሸጠው ሐሜጽ ጋር መቆለፍ ይሻላል። ጠላ፣ ብቅል፣ በሶ፣ ቂንጬና የገብስ ቆሎም ወደዚያው ይግቡ።

ከዚያ ሸክላው ይመጣል። ሸክላ የጠጣውን አይተፋም፤ በፈላ ውኃ አይነጻም። በሀገር ቤት አሮጌው ሸክላ ተሰብሮ በአዲስ ይተካ የነበረው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን ላዩ ሸክላ ከሆነ ክዳኑን ማጠብ አያድነውም። ለፋሲካ ብቻ የሚሆን አዲስ ምጣድ የሚገዛ ሰው ቀደም ብሎ ይግዛ፤ በጎመን ዘር ካልተሟሸ ቂጣው ይጣበቅበታል፣ ማሟሸቱም በበዓሉ ዋዜማ የሚደረስበት ሥራ አይደለም። ማሰሻ ጨርቁም አዲስ ይሁን። ይህን የሚረሳው ሰው ብዛቱ!

ወንፊት፣ ሰፌድና መሶብ ፍርፋሪውን በስፌታቸው መሀል ስለሚይዙ ቢታጠቡም አይጠሩም፤ ይቀመጡ። የብረት ድስት ግን ይነጻል፦ በደንብ ተፍቆ ለ24 ሰዓት ሳይሠራበት ይቆያል፣ ከዚያ በሚንተከተክ ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይነከራል፣ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ይለቀለቃል። ትልቅ ድስት ሌላ ዕቃ ውስጥ ካልገባ እስከ አፉ ተሞልቶ ይፈላና የጋለ ድንጋይ ይጣልበታል፣ ውኃው በከንፈሩ ዙሪያ እንዲፈስ። የሚበላሸው ሁልጊዜ እጀታው ላይ ነው፤ በብሎኑ ሥር የደረቀ ወጥ ካለ ማፍላቱ ከንቱ ነው። የማያጣብቅ ቅብ ያለውን መጥበሻ ባይነኩት ይመረጣል።

ቅመም ሲታሰብ ብዙ ሰው በርበሬውን ይጠረጥራል። የተገዛ ከሆነ ዱቄት ገብቶበት ይሆናልና ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ይበልጥ የሚያስቸግሩት ግን አብሽና ከሙን ናቸው፤ በእርሻም በጆንያም የስንዴ ፍሬ ይቀላቀላቸዋል። ሳይፈጩ ተገዝተው በነጭ ትሪ ላይ በስሱ ተበትነው ይለቀሙ። በፋሲካ ሩዝ የሚበላ ቤተሰብ ሩዙን ሦስት ጊዜ መልቀም አለበት። ሽሮም የስንዴ ዱቄት በሚፈጭበት ወፍጮ ያለፈ ከሆነ አይሆንም። ለቀማው በቀን ብርሃን ቢሆን ጥሩ ነው፤ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ትሪ ዙሪያ ቢቀመጡ ደግሞ ፉክክር ይሆናል። ልጁ ዓይኑ ፈጣን ነው፣ አያቲቱ ጣታቸው። የዝግጅቱ ጣፋጭ ሰዓት ይህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ቂጣ በቤት እንጋግር ለሚሉ ጥቂት ነገር ልጨምር። የሱቅ የስንዴ ዱቄት አይሆንም፤ ስንዴው ከመፈጨቱ በፊት ውኃ ሊነካው ይችላል። ቢያንስ ከወፍጮ ጀምሮ ለማጻ (ላልቦካው የፋሲካ ቂጣ) የተጠበቀ ዱቄት ያስፈልጋል። ውኃው ማታ ተቀድቶ ያደረ፣ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሞቅ ያለ ውኃ ሊጡን ያፈጥነዋል። ጨው አይገባበትም። ዱቄቱና ውኃው ከተገናኙ በኋላ እስኪጋገር ያለው ጊዜ 18 ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ ምጣዱ አስቀድሞ ይጋል፣ ሊጡም ጥቂት ጥቂት እየሆነ ይለወስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አንዱን ሲጋግር ሌላው ሊጥ እጅ ሳይነካው ይቀመጣል። የበሰለው ሲቀደድ እንደ ክር የሚሳብ ሊጥ ከታየ አልበሰለም፤ የታጠፈና የተጣበቀ ቦታም አይበላም። ለስላሳ ቂጣ ቶሎ ስለሚደርቅ በዕለቱ ይበላ ወይም በረዶ ቤት ይግባ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጋግር ሰው ቄሱን ወይም ረቢውን ሳያማክር አይነሳ።

ፋሲካ በሚገባበት በዕብራውያን ወር በኒሳን 14 ዋዜማ ማታ የሚደረገው የሐሜጽ ፍተሻ የልጆች ነው። በልማዱ 10 የዳቦ ቁራሽ በወረቀት ተጠቅልሎ ይደበቃል። ቁራሹ ትንሽና የማይፈረፈር ይሁን፤ የደበቀውም ሰው ቦታዎቹን ጽፎ ይያዝ፣ አለዚያ ዘጠኙ ተገኝቶ አሥረኛው ሌሊቱን ሙሉ ሲፈለግ ይታደራል። ሻማ ከመጋረጃ ይራቅ፤ ለኮት ኪስ፣ ለትምህርት ቤት ቦርሳና ለመኪና ወንበር የእጅ ባትሪ ይበቃል። ከምድጃ ሥር እጅ የማይደርስበት ፍርፋሪ ካለ ውሻ እንኳ እንዳይቀምሰው በረኪና ይፍሰስበት።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከፍተሻው በኋላና በማግስቱ ጠዋት የቀረው ሐሜጽ ሲቃጠል የሚባለው የሐሜጽ መሻሪያ ቃል (በቤት የቀረ ሐሜጽ ካለ እንደ አፈር ይቆጠር የሚለው) በአራማይክ የተጻፈ ነው፤ ሕጉ ግን ሰው በሚገባው ቋንቋ እንዲለው ይፈልጋል። ብዙ አያቶቻችን የማያውቁትን ድምፅ እየደገሙ ነው። ከበዓሉ በፊት ባለው እትማችሁ ሁለቱንም ቃላት በአማርኛ፣ በትልቅ ፊደል ብታወጡልን፣ ከጎኑም ሐሜጽ መብላትና ማቃጠል የሚያበቃበትን ሰዓት በየከተማው ብታክሉበት፣ ገጹ ተቆርጦ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ