ማሙሽ ዶርም ከመግባቱ በፊት

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ግን አንደበቴ ይታሰራል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ባለፈው «ማሙሽ ኮሌጅ ሊገባ ነው፤ ያን የትኩረት ክኒን ቢተወው ደስ ይለኛል፣ ሱስ እንዳይሆንበት» አልሽኝ። እማዬ፣ ስለ ሱስ የማውቀውን ልንገርሽ። ኮሌጅ እያለሁ ጠጪ ነበርኩ። አንቺ የምታውቂው ሁለተኛ ዓመት ላይ ትምህርቴ መበላሸቱን ብቻ ነው። «ጓደኛ አበላሸብኝ» እያልሽ ስንቴ አለቀስሽ። ጓደኞቼ ምንም አላደረጉኝም። እነሱም ይጠጡ ነበር፤ ሲበቃቸው ግን ይተዉታል።

ልጅ ሆኜ «ቀዥቃዣ» ስትይኝ፣ «ቀልብህን ሰብስብ» ስትይኝ፣ እንጦጦ ጠበል ይዘሽኝ ስትወጪ፣ ኤዲኤችዲ የሚባል ነገር መኖሩን ማናችንም አናውቅም ነበር። ትኩረት መሰብሰብንና ራስን መግታትን የሚያስቸግር፣ ከልጅነት የሚጀምር፣ በዘርም የሚወረስ የአእምሮ ጠባይ ነው። ካስተዳደግሽ የመጣ አይደለም። ጭንቅላቴ ቀኑን ሙሉ መርካቶ ነበር። ሁለት ቢራ ስጠጣ ጸጥ ይላል። ጸጥታው ስለሚጥመኝ ሦስተኛውን እከፍታለሁ። «ቆይ፣ ይብቃ» የሚለው ፍሬን እኛ ጋ ዘግይቶ ነው የሚይዘው። እዚህ አሜሪካ ሐኪሞች ወንድ ልጅ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ 5 መጠጥ ከጠጣ አደገኛ አጠጣጥ ይሉታል። እኔ አምስተኛውን የምጨርሰው ገና ጨዋታው ሳይሞቅ ነበር። ያውም 21 ዓመት ሳይሞላኝ።

የባሰው ደግሞ ያው የማሙሽ ዓይነት ክኒን ነው። ያኔ ሐኪም አላየኝም። ፈተና ሲደርስ ከሰው እየለመንኩ እውጥና ማታውኑ እጠጣበታለሁ። ክኒኑ ስካርን ይደብቃል። እንቅልፍ አይመጣም፣ ምላስ አይተሳሰርም፤ አልኮሉ ግን ደም ውስጥ እየተጠራቀመ ነው። አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል አደርኩ። አንቺን «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ያልኩሽ ጊዜ ነው። ይቅር በይኝ።

ማሙሽ ግን እንደኔ አይደለም። በልጅነቱ ታወቀለት፣ በሐኪም ትእዛዝ ነው የሚወስደው። በሐኪም ክትትል መድኃኒቱን የወሰዱ ልጆች በዚያ ምክንያት ኋላ ለሱስ እንደማይጋለጡ ጥናቶች አሳይተዋል። መድኃኒቱን አታስተዪው። እኔን የሚያስፈራኝ ክኒኑ ሳይሆን ክኒኑና መጠጡ የሚገናኙበት የዶርሙ ቅዳሜ ማታ ነው።

ሌላም አለ። ሃይስኩል ሳለ መምህራኑ ይከታተሉት ነበር። ኮሌጅ ግን ራሱ የተማሪዎች ድጋፍ ቢሮ ሄዶ «ኤዲኤችዲ አለብኝ» ካላለ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት የሚሰጠው የለም። በሕግ መብቱ ነው። እሱ ግን ያፍራል። የሚያፍረው እኛ ቤት ውስጥ ስለምንሸሽገው ይመስለኛል። ለእትዬም፣ ለማኅበሩም «አለርጂ ነው» ስትይ ይሰማል እኮ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ እደውላለሁ። ስልኩን ለእሱ ስጪውና አንቺም አጠገቡ ቁጭ በይ። ያንን ሌሊት ከኔው አፍ ይስማው።

ልጅሽ