ፎርሙን የሞላው ሌላ፣ መስኮቱ ላይ የሚቆመው ሌላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አሜሪካ ያሉ ልጆች እናት አባታቸውን ለጉብኝት ሲጠሩ ብዙው ገንዘብና ድካም የሚፈሰው ማንም በማይጠይቀው ወረቀት ላይ ነው። ልጅ የጥሪ ደብዳቤ ጽፎ በኖተሪ ያስመታል፤ አይ 134 የሚባለውን የስፖንሰር ፎርም ይሞላል፤ የደመወዝና የታክስ ማስረጃውን ጨምሮ በሰው እጅ ይልካል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን ለጉብኝት ቪዛ የጥሪ ደብዳቤም ሆነ የስፖንሰር ፎርም እንደማያስፈልግ በግልጽ ጽፏል። አመልካች የሚመዘነው አገር ቤት ባለው ኑሮ ነው፤ እዚያ ያለ ዘመድ በሚገባው ቃል አይደለም። በተለምዶ “214 ቢ” የምንለው የሕግ አንቀጽ አመልካቹን ሁሉ “ሊቀር የሚሄድ ነው” ብሎ ይነሣል፤ እንደማይቀር ማሳየት የአመልካቹ ፋንታ ነው። ስለዚህ የእናትየው የቤት ካርታ፣ የጡረታ ደብተር፣ የንግድ ፈቃድ ወይም እዚህ የቀሩት ባልና ልጆች ከልጁ ደመወዝ ይበልጣሉ። ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት በፊት ባንክ ደብተሯ ላይ ድንገት የሚገባ ግማሽ ሚሊዮን ብር ደግሞ ከመርዳት ይልቅ ጥያቄ ይጠራል።

ዋናው ችግር ያለው ፎርሙ ላይ ነው። ዲኤስ 160 የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም የሚሞላው በኢንተርኔት፣ በእንግሊዝኛ ነው፤ 20 ደቂቃ ሳይነካ ከቆየ ይዘጋልና የማመልከቻ ቁጥሩን ገና ሲጀመር ወረቀት ላይ መያዝ ያስፈልጋል። ፎርሙን የሚሞላው አንድም ቨርጂኒያ ያለው ልጅ ነው፣ አንድም ኢንተርኔት ቤት ያለ ሰው። እናትየው ግን ምን እንደተጻፈ ሳታውቅ ለቃለ መጠይቅ ኤምባሲው መስኮት ጋ ትቆማለች። ቆንስሉ “ስንት ጊዜ ይቆያሉ?” ሲላት “እነሱ እስካሉኝ ድረስ” ትላለች፤ ፎርሙ 45 ቀን ይላል። “ወጪዎን ማን ይችላል?” ሲላት “እግዜር ያውቃል፣ ልጆቹ ናቸው” ትላለች፤ ፎርሙ “ራሷ” ይላል። ቃለ መጠይቁ ብዙ ጊዜ ከሦስትና ከአራት ደቂቃ አያልፍም፤ ማብራሪያ ለመጨመር ጊዜ የለም። እንዲህ ዓይነቷ እናት አልዋሸችም፤ የሌላ ሰው መልስ ነው የተያዘባት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከመፈረሙ በፊት ፎርሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስልክ በአማርኛ እያነበቡ እርሷን መጠየቅ፣ መልሷን እንዳለ መጻፍ። በተለይ ሦስት ቦታ ላይ ቆም ማለት ይበጃል። አንደኛው፣ ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክለው ያውቃሉ ወይ የሚለው፤ የዛሬ አሥር ዓመት የሆነም ቢሆን ይጻፋል። ሁለተኛው፣ የኢሚግሬሽን ፔቲሽን፣ ማለትም አሜሪካ ለመኖር የሚያስችል የዘመድ ጥያቄ፣ ገብቶላቸው ያውቃል ወይ የሚለው፤ ዜግነት ያገኘው ልጅ አይ 130 አስገብቶላት ከሆነ መልሱ “አዎ” ነው። ይህ መልስ እንደሚጎዳ እናውቃለን፤ መደበቁ ግን ማጭበርበር ተብሎ እስከ ዕድሜ ልክ ክልከላ ያደርሳል። ሦስተኛው፣ አሜሪካ ያሉ ልጆችና ወንድም እህቶች ዝርዝር ነው። “ብዙ ልጅ ካላት ይጠረጥሯታል” ብለው ከአራቱ ሁለቱን የሚያስቀሩ አሉ፤ የተዘለሉት ሁለቱ ደግሞ ራሳቸው ሲሄዱ የእናታቸውን ስም ሞልተው ነበርና መልሱ አይገጥምም። ፎርሙን ሲሞሉ ማን ረዳዎት የሚል ጥያቄም አለ። እዚያ ላይ “ማንም” የሚባለው ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባንም፤ በሰው መታገዝ ነውር አይደለም። መጨረሻ ላይ “ፈርም” የሚለውን የምትጫነው ግን ራሷ አመልካቿ መሆን አለባት።

ቀን ላይ ብዙ ስህተት ይሠራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ በኛ ዓመት ላይ 7 ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ 8። የባልን የልደት ቀን፣ ሥራ የተጀመረበትን ዓመት ሁሉንም በ8 የሚቀይር ሰው አለ። የእናትየው ልደት ግን ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው፤ የልደት ሰርተፊኬቱ ሌላ ቢልም ፎርሙ ፓስፖርቱን ይከተላል።

ፎቶው ነጭ መደብ፣ ያለ መነጽር፣ 5 በ5 ሳንቲ ሜትር፣ ከስድስት ወር ያልበለጠው ነው። የቪዛ ማመልከቻ ክፍያው 185 ዶላር ሲሆን ቢከለከሉም አይመለስም። በ214 ቢ ለተከለከለ ይግባኝ የለም፤ እንደገና ማመልከት ግን ይቻላል፣ በአዲስ ክፍያ። ደላላ “ሦስት ወር ጠብቁ” ቢል እንዲህ የሚል ደንብ የለም፤ ነገር ግን ኑሮዋ ላይ ምንም ሳይለወጥ በሳምንቱ መመለስ ብር መጣል ነው።

ቪዛው ከተመታ በኋላም አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጉብኝት ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ፣ ለሦስት ወር ሆኗል። ሦስት ወሩ የመግቢያ ቀነ ገደብ ነው፣ የመቆያ አይደለም። የመቆያውን ቀን የሚወስነው አሜሪካ ሲገባ ኤርፖርት ላይ ያለው መኮንን ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይሰጣል፤ ተመዝግቦ የሚገኘውም አይ 94 በሚባለው የመግቢያ መዝገብ ላይ ነው። ልጆች፣ እናታችሁ በገባች ማግሥት እሱን ከድረ ገጹ አውጥታችሁ ቀኑን ፍሪጁ ላይ ለጥፉት።

ከአዲስ አበባ፣ የጋዜጣው አንባቢዎች