አንድ ጠብታ ደም፣ አንድ ባዶ ሃይላንድ፦ አስም ላለባቸው ልጆቻችን የድጋፍ ጥሪ

ባለፈው ወር የእድር ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ስለ ልጆች አስም ሳነሳ፣ አንድ አባት ፈገግ ብለው "ልጄ፣ እድር እኮ ለሞተ ነው" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከኋላ የተቀመጠች እናት ግን "ለልጄ ድንኳን ከምታስተክሉልኝ መድኃኒት ብታስገዙልኝ ይሻለኛል" አለች። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም። ስብሰባው ሲያልቅ ሰባት ወላጆች ቀረን፤ ይህን ጥሪ የምጽፈው በእነሱ ስም ነው።

ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። ክረምት ሲገባ ይብስበታል፣ መስከረም ላይ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምረዋል። ቡና ሲፈላ እጣን ከተጨሰ በቃ፣ ያ ቀን አለቀ። ተጋድሞ መተንፈስ ስለሚያቅተው ጋቢ አጣጥፌ ከጀርባው አደርግለትና ቁጭ እንዳለ ያድራል። መብራት ሳበራ ከአንገቱ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ስትሰረጉድ አያታለሁ። ደረቱ ያፏጫል።

በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ "ታይፎይድ ነው" ተብሎ መድኃኒት ወስዷል። ያው ታውቁታላችሁ፤ ደም ይሰጣል፣ ወይ ታይፎይድ ወይ ታይፈስ ሆኖ ይመጣል። የት እንደሆነ አልናገርም፣ የአንድ ቤት ችግር አይደለምና። አራት ዙር አንቲባዮቲክ ሳሉን ንቅንቅ አላደረገውም። ቆይቶ ወረቀቶቹን ሳገላብጥ አንዱ ላይ የደም ቆጠራ አገኘሁ። ማሽኑ ነጭ የደም ሴሎችን በሦስት ጎራ ብቻ የሚከፍል ዓይነት ነው። ለአስም የሚፈለገውን ሴል ከሌሎች ጋር ደባልቆ በአንድ ቁጥር አልፎታል።

ያ ሴል ኢዮሲኖፊል ይባላል። ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ እ.ኤ.አ. በ1879 ነው የለየው። ኢዮሲን የተባለውን ቀለም ጠጥቶ ስለሚቀላ ስሙን ከቀለሙ ወሰደ። ጎረቤታችን የሆኑ ጡረተኛ የላብራቶሪ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ። መሀሉ ሁለት ቦታ የተከፈለ፣ ዙሪያው ብርቱካንማ ቀይ ፍሬ የሞላበት ነገር ነው። ደቀቅ ያለ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። አንዴ ካያችሁት ከሌላው አይጠፋችሁም።

ምን ያደርግልናል? አስም የአየር ቧንቧ መጥበብ ብቻ አይደለም። ቧንቧው ውስጡ ተቆጥቷል፤ ሐኪሞች ብግነት ይሉታል። ያብጣል፣ አክታ ያበዛል፣ ለትንሽ ጭስ ይደነግጣል። በብዙ ልጆች ላይ ከዚህ ቁጣ ጀርባ ኢዮሲኖፊል አለ። ከአጥንት መቅኒ ተወልዶ፣ በደም ተሳፍሮ ሳንባ ይወርዳል። እኛ የምንቆጥረው ታክሲ ውስጥ እያለ ነው ማለት ነው። ሳንባ ከፍቶ ማየት አይቻልም፣ ደም መቁጠር ግን ይቻላል። ብዙ ሆኖ ከተገኘ፣ ቁጣውን የሚያበርደው የሚሳብ ስቴሮይድ ልጁን የመርዳት ዕድሉ ከፍ ይላል። ሳልቡታሞል፣ ሁላችንም የምናውቀው ሰማያዊው፣ ቧንቧውን ይከፍታል እንጂ ቁጣውን አያበርድም። ጊና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በላይ ለሆኑት ሳልቡታሞልን ብቻውን መጠቀም አይመክርም። እኛ ሰፈር ግን ብዙው ልጅ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ቆጠራው ራሱ ውድ አይደለም። አንድ ጠብታ ደም መስታወት ላይ ይቀባል፣ ቀለም ይነከራል፣ ባለሙያው 100 ነጭ ሴል ይቆጥራል። ከ100ው ሰባቱ ኢዮሲኖፊል ከሆኑና የነጭ ሴሉ ጠቅላላ ቁጥር በማይክሮሊትር 8,000 ከሆነ፣ 560 ይመጣል። ከ500 በላይ ሲሆን ከፍ ያለ ነው ይባላል፤ ለአስም ግን 300ም ትኩረት የሚሰጠው ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ወስፋትና መንጠቆ ትልም ይህንኑ ሴል ያበዙታል። ለዚህ ነው ከሰገራ ምርመራ ነጥለን የማናየው። ነገሩ ከምናስበው በላይ የተጠላለፈ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ላንሴት ላይ የወጣ የጅማ ጥናት መንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ላይ የደረት ማፏጨት አነስ ብሎ አግኝቶታል። (ትሉን እናቆየው ማለት አይደለም፣ እንዳትስቁብኝ።) ደግሞ ልጁ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የሚዋጥ ስቴሮይድ ከጀመረ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ስለዚህ ደሙ ከመድኃኒቱ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል። በየጊዜው የሚታዘዙልን የደም ምርመራዎች፣ ሲአርፒና ኢኤስአርም፣ ብግነት መኖሩን ይናገራሉ እንጂ የአስም ነው አይሉም። ሲአርፒ በጣም ከፍ ካለ እንዲያውም ኢንፌክሽን መጠርጠር ይሻላል። አንድ የደም ቁጥር ብቻውን አስም አለ ወይም የለም አያሰኝም። ሐኪሙ ከሳሉ፣ ከትንፋሹና ከቤቱ ሁኔታ ጋር አያይዞ ነው የሚወስነው።

እስካሁን 43 ልጆች መዝግበናል። ጤና ጣቢያው ቅዳሜ ከሰዓት ክፍልና ማይክሮስኮፕ ፈቅዶልናል። ጎረቤታችን ያለ ክፍያ ሊቆጥሩ ቃል ገብተዋል፤ ልጆቹን የሚያይ ሐኪምም አለ። የጎደለን የሚያልቀው ነገር ነው፦ የጊምሳ ቀለም፣ ስላይድ፣ የሌንስ ዘይት፣ የደም መውሰጃ ቱቦ፣ የሰገራ ምርመራ ዕቃ፣ የትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞል። ከሁሉም የሚከብደው ግን የሚሳበው ስቴሮይድ ነው። 200 ጊዜ የሚነፋው አንዱ ዕቃ፣ ልጁ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ቢስብ፣ በ50 ቀን ያልቃል። ስድስት ወር ለማድረስ ለአንድ ልጅ አራት ያስፈልጋል። ለሁሉም ላይታዘዝ ይችላል፤ ለታዘዘለት ግን መሀል ላይ ማቋረጥ የለብንም። ቆጥረን፣ አውቀን፣ መድኃኒት አጥተን ቁጭ ማለት ከሁሉም ይከፋል።

ከእድሩ አባላት የምንጠይቀው በቤት በወር 50 ብር ለስድስት ወር ነው። ሙሉ ወጪውን አይሸፍንም። ስለዚህ ከሰፈሩ ለወጣችሁ፣ ውጭ አገር ላላችሁም ልጆቹ የእናንተም ናቸው እንላለን። ገንዘቡ በእድሩ ሒሳብ ይገባል፣ ሦስት ሰው ካልፈረመ አይወጣም። ፕሮፎርማዎቹና ደረሰኞቹ ቢሮው በር ላይ ይለጠፋሉ። የልጅ ስምና የምርመራ ውጤት ግን አይለጠፍም።

ከውጭ ለምትመጡ አንድ አደራ፦ መድኃኒት ይዛችሁ አትምጡ። ጊዜው ሊያልፍ የቀረው፣ ግማሹ ያለቀ ዕቃ በጎ ሐሳብ ነው፣ ሥራ ግን ያበዛብናል። ያልተከፈተ ስፔሰር (በሚነፋው መድኃኒትና በልጁ አፍ መሀል የሚገባ ባዶ ዕቃ) ወይም የትንፋሽ ኃይል መለኪያ ካገኛችሁ ግን ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም።

ስፔሰር ያላገኘም አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1999 ኬፕታውን ላይ ሐኪሞች ግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ከተገዛው ስፔሰር ጋር አወዳድረው ነበር። በደንብ የታሸገው ጠርሙስ ለልጆቹ እኩል ሠርቷል። እኛም ልንሠራው ነው። የሃይላንዱ ቂጥ በመድኃኒቱ ዕቃ አፍ ልክ ይበሳል፣ ዙሪያው በማጣበቂያ ይደፈናል፣ ልጁ በጠርሙሱ አፍ ይስባል። በፈሳሽ ሳሙና ይታጠብና ሳይወለወል በራሱ ይደርቃል፤ ከተወለወለ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል።

የመጀመሪያው ቀን ከሚቀጥለው የእድር ስብሰባ በኋላ ያለው ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። የሚያስለው ልጅ ያላችሁ የቆዩ የምርመራ ወረቀቶቹን ሁሉ ይዛችሁ ኑ፣ "ታይፎይድ" የሚሉትንም ጭምር። ልጅ የሌላችሁ ባዶ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አምጡ። ክዳኑ አያስፈልግም።