ይድረስ ለአባቴ፤ ስለ ጀልባው እንጨት

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እናቴስ እንዴት ሰነበተች? ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራም ጤናም አለኝ፤ የሚያስቸግረኝ የእናንተ ናፍቆት ብቻ ነው።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ከባልደረባዬ ጋር አንድ አሮጌ የሞተር ጀልባ ገዝተን እያደስን መሆኑን ብነግርዎ፣ «ጀልባው የፋይበርግላስ ከሆነ እንጨቱ ከየት መጣ? ተሸፍኖ የተቀመጠ እንጨትስ እንዴት ይበሰብሳል?» ብለው ጠይቀውኛል። የአናጢ ጥያቄ ነው። በሁለት መስመር መልሼ ማለፍ ስላልፈለግሁ ደብዳቤው ይረዝማል፤ ታግሠው ያንብቡልኝ።

ፋይበርግላስ ከቀጭን የመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ተነክሮ ሲደርቅ የሚገኝ ነገር ነው። ሲስቡት እጅግ ጠንካራ ነው፤ ስስ ሆኖ ሲዘረጋ ግን ይጎብጣል። ጀልባ በፍጥነት ሲሄድ ደግሞ ሆዱን ውኃው ሳያቋርጥ ይደበድበዋል፤ ስለዚህ የማይጎብጥ መሆን አለበት። ያ ጥንካሬ የሚመጣው ከውፍረት ነው። የአንድ ሳንቃ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ላለመጉበጥ ያለው ኃይል ስምንት እጥፍ ያድጋል። እርስዎ ወራጅ ሲሠሩ እንጨቱን በጎኑ ሳያጋድሙ በጠርዙ የሚያቆሙት በዚሁ ምክንያት ነው። ውፍረቱን ሁሉ በፋይበርግላስ ማምጣት ክብደትም ወጪም ስለሚያበዛ፣ የድሮ ጀልባ ሠሪዎች መካከሉን በእንጨት ሞልተው ላዩን በፋይበርግላስ ይሸፍኑት ነበር።

በሆዱ ውስጥ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉ ወራጆች አሉ፤ በእነሱ ላይ የኮምፔንሳቶ ወለል ይቀመጣል። ከኋላ ደግሞ ሞተሩ የሚንጠለጠልበት ግድግዳ አለ፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። በሁለት የፋይበርግላስ ቅርፊቶች መካከል ብዙውን ጊዜ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ይኖረዋል። የሞተሩን ክብደት የሚሸከመው፣ ጀልባውን የሚገፋው ኃይል የሚያልፍበት፣ ብሎኖቹ ሲጠብቁ ቅርፊቶቹ እንዳይደቅቁ የሚመክተው ያ እንጨት ነው። እሱ ከበሰበሰ ሞተሩ በጉዞ ላይ ግድግዳውን ሊገነጥለው ይችላል። ያን ጊዜ የሚገባውን ውኃ በባልዲ ቀድቶ መዳን የለም።

አሁን ወደ መበስበሱ ልምጣ። እርስዎ ከእኔ በላይ እንደሚያውቁት እንጨት በዕድሜ ብቻ አይበሰብስም፤ የሚበላው ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ውኃም አየርም ይፈልጋል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበላም። ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ የሰጠመ ግንድም አየር ስለማያገኝ ለመቶ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። የሚጎዳው በሁለቱ መካከል ያለው፣ ረጥቦ የማይደርቅ፣ አየርም ያላጣ እንጨት ነው። የጀልባው እንጨት ዕጣው ይኸው ሆነ። የዝናብ ውኃ ከጨዋማው የባሕር ውኃ የባሰ ያበሰብሳል፤ ስለዚህ ሳይሸፈን ደጅ የቆመ ጀልባ ባሕር ላይ ከሚውለው ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል።

መግቢያው የቪቴ ቀዳዳ ነው። አንድ ሰው መሰላል ወይም ወንበር ሊያስር ይሰረስራል፣ ቪቴውን ያጠብቃል፣ ሥራው አለቀ ብሎ ይሄዳል። በቀዳዳው ዙሪያ ግን ጥሬ እንጨት ተጋልጦ ይቀራል። ውኃው በዚያ ገብቶ በኮምፔንሳቶው ንብርብር ውስጥ ይሰራጫል፤ ፋይበርግላሱ ደግሞ መውጫ ይከለክለዋል። እንጨቱን እንዲጠብቅ የተሠራው ሽፋን እርጥበቱን አምቆ ይይዝበታል። በወለሉ ሥር ጀልባው እንዳይሰጥም ተብሎ የሚሞላ ፎምም አለ፤ እሱም በዓመታት ብዛት ውኃ እየመጠጠ ወራጆቹን ሳያደርቅ ያኖራቸዋል። የእኛን ጀልባ ፎም ስናወጣው በእጅ ሲጨመቅ ውኃ ይወርድ ነበር።

ይህን ሁሉ አውቀን ነው የገዛነው። ላዩ ያምራል፣ ቀለሙ ያበራል፤ እኛ ግን በመዶሻ እጀታ ዙሪያውን እየመታን አዳመጥን። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው የታፈነ ነው። እርስዎ ግንድ ሲመርጡ እየመቱ ሲያዳምጡ እያየሁ ስላደግሁ ልዩነቱ ለጆሮዬ እንግዳ አልሆነም። ከዚያ ከውስጥ በኩል ብቻ፣ የውጭው ቅርፊት እንዳይነካ ተጠንቅቀን፣ በቀጭኑ ሰረሰርን። ከደህና እንጨት የሚወጣው ፍቅፋቂ ነጣ ያለና ደረቅ ነው። የእኛው ጥቁር፣ እርጥብ፣ የሚሸት ነበር። ሞተሩን ይዘን ወደ ላይና ወደ ታች ስንነቀንቀውም ግድግዳው አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

ባልደረባዬ ታታሪ ሰው ነው፤ ነገር ግን አቋራጭ ይወዳል። ብዙ ቀዳዳ በስተን ቀጭን ኢፖክሲ እናፍስስበትና ይጠንክር አለ፤ ኢፖክሲ ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚደርቅ፣ እንደ ሙጫም የሚያገለግል ሬዚን ነው። ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል፤ እኔ ግን በፍጹም አልተስማማሁም። እርጥብ እንጨት ኢፖክሲውን አይመጥም፤ ቦታው በውኃ ተይዟል። በደረቀው በኩል ቢገባ እንኳ የእንጨቱ ጥንካሬ ያለው በክሮቹ ነው፤ ፈንገሱ የበላው ክር በማጣበቂያ አይመለስም። ሰው የሚሳፈርበት ነገር ነው። በኋላ የውስጡን ቅርፊት በመስኮት ያህል ቆርጠን ስናነሳው እንጨቱ በጣት እየተዛቀ ወጣ፤ ባልደረባዬም ከዚያ በኋላ ስለ መሙላት አላነሳም።

ማፍረሱ ብዙ አያስወራም፤ መጋዝ፣ ግራይንደር፣ መሮ፣ ላብ። ለእናቴ ግን ይንገሩልኝ፦ የፋይበርግላስ ብናኝ ቆዳን ያሳክካል፣ ሳንባንም ይጎዳል፤ ስለዚህ ማጣሪያ ያለው የፊት ጭንብል፣ መነጽር፣ ጓንትና ሙሉ ልብስ ሳላደርግ አልነካውም። ኢፖክሲም በባዶ እጅ ደጋግሞ የነካውን ሰው ዕድሜ ልኩን ለማይለቅ አለርጂ ሊዳርገው ስለሚችል ጓንቴን አላወልቅም። ትረጋጋ።

ከማፍረሱ በፊት ያለው ሥራ ግን ትልቅ ነው። ወራጆቹ ሲወጡ ቅርፊቱ ብቻውን ይቀራል፤ ከሥሩ በብዙ ቦታ እኩል ካልተደገፈ በራሱ ክብደት ይጣመማል። ተጣሞ ሳለ አዲስ ወራጅ ከተጣበቀበት ጠማማ ሆኖ ይቀራል፤ ውኃ ላይም ቀጥ ብሎ አይሄድም። ስለዚህ ጀልባውን በሚገባ ደግፈን፣ ከዳር ዳር ገመድ ወጥረን ለካን፣ የእያንዳንዱን ወራጅ ቅርጽ በካርቶን አወጣን። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንዱን አውጥተን አዲሱን ከተከልን በኋላ ነው ወደ ሌላው የምናልፈው።

መገጣጠሙን እዚህ ሆነው ቢያዩት እወድ ነበር። አንድ ወጥ የሆነ ረጅም ኮምፔንሳቶ ስለማይገኝ ሁለቱን ጫፎች በሰያፍ ልገን እናጋጥማለን፤ የሰያፉ ርዝመት የውፍረቱ ስምንት እጥፍ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ሳንቃ 144 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ያስተማሩኝ ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ ግን እጄን ማስለመድ ነበረብኝ። እርስዎ በኮላ ሲያጣብቁ ማጥበቂያውን አጥብቀው ያስጨንቁታል፤ ኢፖክሲ ግን ይህን አይወድም። በጣም ከተጨመቀ ሙጫው ሁሉ ይወጣና መጋጠሚያው ደርቆ ይቀራል። ቀስ ብሎ መያዝ፣ ከጠርዙ ትንሽ ሲወጣ ማቆም ነው። የተቆረጠው ጫፍ ሙጫ ስለሚጠጣም አስቀድሞ በቀጭን ኢፖክሲ ይቀባል፤ ከዚያ በኋላ ነው በዱቄት የወፈረው የሚደረግበት።

ወራጁ ቅርፊቱን በቀጥታ አይነካም። ከነካው ማዕበል ሲመታ ያ መስመር ይሰነጠቃል። ስለዚህ በወፈረ ኢፖክሲ ላይ ይቀመጥና ማዕዘኑ ግራና ቀኝ እንደ ስቱኮ ተሞልቶ ክብ ይደረጋል። የመስታወት ጨርቅ በሹል ማዕዘን ላይ አይታጠፍም፤ ከሥሩ አየር ያስቀራል፤ አየር ያለበት ደግሞ አልተጣበቀም። የወራጁም የላይ ጠርዝ በዚሁ ምክንያት ይድቦለቦላል። በላዩ የሚደረበው ጨርቅ እያንዳንዱ ንብርብር ከበታቹ ሰፋ ብሎ ይለጠፋል። የቆረጥነውን የግድግዳውን ቅርፊት መልሰን ስንዘጋም ጠርዙን በግራይንደር ቀስ በቀስ እያቀጠንን በሰያፍ ፈግፍገን ነው፤ የሰያፉ ስፋት 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ቅርፊት ቢያንስ 72 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የውፍረቱ 12 እጥፍ ማለት ነው።

ጀልባው መጀመሪያ የተሠራበት ሬዚን ፖሊስተር ይባላል፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። እኛ ኢፖክሲ የመረጥነው እንጨትንም የቆየ ፖሊስተርንም ከእሱ የተሻለ አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። ፖሊስተር ግን በደረቀ ኢፖክሲ ላይ በደንብ አይይዝም፤ ስለዚህ በአንዱ ከተጀመረ በዚያው መጨረስ ነው። ድብልቁም ልክ አለው፤ ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ማጠንከሪያውን ማብዛት ያበላሸዋል እንጂ አያፈጥነውም። በባልዲ ውስጥ ብዙ ከተደባለቀ በራሱ ይግላል፣ ይጨሳል፤ በሰፊ ጠፍጣፋ ዕቃ አሰጥቶ መሥራት ያስፈልጋል። ሲደርቅም ላዩ ላይ የሚወጣ ሰም መሰል ነገር አለ። በብርጭቆ ወረቀት ከመፈግፈግ በፊት በውኃ መታጠብ አለበት፤ አለዚያ ቀጣዩ ንብርብር ይላላል።

ከሁሉ በላይ የምጠነቀቀው ግን ለቀዳዳ ነው። በአዲሱ እንጨት ላይ አንድም ቪቴ እንዲሁ አይገባም። መጀመሪያ ከሚያስፈልገው በላይ አስፍተን እንበሳለን፤ በወፈረ ኢፖክሲ እንሞላዋለን፤ ሲደርቅ በመካከሉ በብሎኑ ልክ እንደገና እንሰረስራለን። ብሎኑ በኢፖክሲ ግድግዳ ውስጥ ያልፋል፤ ወደፊት ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውኃው እንጨቱን አያገኘውም። ወለሉ ሥር የገባ ውኃ ወደ ኋላ እንዲፈስ በወራጆቹ መካከል ያሉት መተላለፊያ ቀዳዳዎችም እንዲሁ ተሸፍነዋል። ባልደረባዬ ጊዜ ይፈጃል ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ይፈጃል። ይህን ጀልባ የገደለው ግን ያልታሸገ ቀዳዳ ስለሆነ እዚህ ላይ አልለሳለስም።

አሁን የኋላው ግድግዳ አልቋል። ስመታው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጠኝ የተሰማኝን ደስታ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የግራ በኩል ወራጆች ገብተዋል፤ የቀኙ እየተለካ ነው። ከዚያ ወለሉ ይቀራል፣ በመጨረሻም ሞተሩ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የወለሉን ሳንቃዎች ጫፍ ለጫፍ ወራጁ ላይ ላገናኛቸውና ከላይም ከታችም በመስታወት ጨርቅ ልሸፍናቸው አስቤአለሁ፤ ወራጁ ከሥር ስለሚደግፋቸው ይበቃል ባይ ነኝ። ባልደረባዬ እነሱም በሰያፍ ይጋጠሙ ይላል። እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ያደርጉ ነበር? ከደብዳቤው ጋር ፎቶግራፎች ልኬአለሁ፤ ሰያፉ የሚታይበትን ቀረብ አድርገው ይመልከቱትና የሚያዩትን ጉድለት ሳይደብቁ ይጻፉልኝ። ወለሉን ሳልቆርጥ መልስዎን እጠብቃለሁ።

እናቴን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ለሁሉም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ጤናዎን ይጠብቁ።

አክባሪ ልጅዎ