ለራሄል፣ ከጅማ

ውድ ራሄል፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? ባለቤትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጠፋሽ እንዳትዪኝ፤ አንቺም አልጻፍሽም፣ እኩል ነን። ዝናቡ ገብቷል፤ እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ በኩል መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው።

ሥራ ቀይሬያለሁ። ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ውስጥ ነኝ። ከአሜሪካ ገዢዎች ጋር በስልክ የማወራው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛዬን ታውቂዋለሽ፤ ሰዋስው ላይ ማን ይችለኛል! ስልኩ ላይ ግን ‹‹ሶሪ?›› ሲሉኝ ይውላሉ። ስለዚህ እንደ አሜሪካኖቹ መናገር እየተለማመድኩ ነው። ሳቂ፣ ግድ የለም።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ‹‹ር›› ነው። እውነት ነው፣ የነሱ ‹‹ር›› ምላስ ላንቃ ሳይነካ ወደ ኋላ ሰብሰብ ሲል ነው የሚወጣው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የኛ ላላ ያለችው ‹‹ር››፣ ‹‹በሬ›› ስንል ያለችው፣ እነሱም አሏት፤ ‹‹ቲ›› በሚጽፉበት ቦታ! ‹‹ኳሊቲ›› አይሉም፣ ‹‹ኳለሪ›› ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ ቡና ጥራት ለሚለፈልፍ ሰው ይቺ ቀላል ነገር አይደለችም።

ከሁሉም የከበደኝ ዜማው ነው። እኛ ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል ድርሻውን እኩል እንሰጣለን። እነሱ አንዱን ጫን ብለው ያስረዝሙና ሌላውን ይውጡታል። ሰርተፍኬት ስትዪ ‹‹ቲፍ›› ላይ ካልጫንሽ ሰውየው ይደናገራል። ‹‹ሬከርድ›› ሰነዱ ነው፤ ጫናው ወደ ኋላ ሲሄድ መቅዳት ይሆናል። ደግነቱ ለሚዋጡት ድምፆች የኛ ‹‹ኧ›› ቅርብ ናት።

አጭር ቅጂ እከፍትና ከተናጋሪው እኩል እላለሁ፣ ከዚያ ራሴን ቀድቼ እሰማለሁ። ልጆቹ ‹‹እማዬ ፈረንጅ ሆነች›› እያሉ መሳቂያ አድርገውኛል።

ጎረቤታችን ያሉ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ። በፈረንጆቹ 1952 ሲከፈት አስተማሪዎቹ ከአሜሪካ፣ ከኦክላሆማ የመጡ ነበሩ፤ እሳቸውም የተማሩት ከነሱ ነው። እንግሊዝኛቸው ቀስ ያለ፣ ሳብ ሳብ የሚል ነው፣ ደስ ይላል። ‹‹አትቸኩዪ ልጄ፣ እነሱም አይቸኩሉም ነበር›› አሉኝ። ከስልኬ ቅጂ ይልቅ እሳቸውን ብሰማ እመርጣለሁ።

ደግሞ አሜሪካዊት መምሰል አያምረኝም። እዚህ እንደ አሜሪካኖቹ ‹‹ዋና›› (wanna)፣ ‹‹ገና›› (gonna) እያሉ አፋቸውን የሚያጣምሙ ልጆች አሉ፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ግን አይወጣቸውም። እኔ የምፈልገው ገዢው ሳያስደግመኝ እንዲሰማኝ ብቻ ነው። ሐበሻነቴ ከድምፄ ቢታወቅ ምን ችግር አለው?

አንድ ውለታ ዋዪልኝ። አንቺ እዚያው ዳላስ ነሽ። ሥራ ቦታሽ ሰው እንዴት እንደሚያወራ፣ ዋጋ ሲከራከር፣ ሲናደድ፣ ቀጠሮ ሲሰርዝ፣ አንቺው በራስሽ ድምፅ አስመስለሽ ላኪልኝ። የመማሪያ ቅጂዎቹ ውስጥ ማንም አይናደድም። የኔን ገዢዎች ደግሞ ጭነት ሲዘገይ ብትሰሚያቸው!

እህትሽ