አባባ፣ መኝታ ቤትዎን ሰማያዊ አያስቀቡት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ አያታችን ጋ መቼ ነው የምንሄደው እያሉ ይጨቀጭቁኛል።

ቀለም ቀቢው ሊጀምር እንደሆነና ቤቱን በሙሉ ውሃ ሰማያዊ ለማስቀባት እንዳሰቡ እህቴ ነገረችኝ። ሳሎኑን ያስቀቡት፣ ያምርበታል። መኝታ ቤትዎን ግን እባክዎ ሰማያዊ አያስቀቡብኝ።

የሳሎኑ መስኮት ወደ ደቡብ ነው። በበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ሳሎኑ ብርሃን አይቸግረውም፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ደግሞ ግድግዳውን ራቅ አድርገው ስለሚያሳዩ ጠባብነቱ ብዙም አይታወቅም። የመኝታ ቤትዎ መስኮት ግን ወደ ሰሜን ነው። በእኛ አገር ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታዘነብለው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ነው፣ ከዚያም ውስጥ ከሰኔ ጀምሮ ክረምቱ ገብቶ ደመና ይጋርዳታል። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ በሚጥልበት በኅዳርና በታኅሣሥ ያ ክፍል በመስኮቱ ፀሐይ አያገኝም። ከጥላ በኩል የሚገባ ብርሃን ራሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ግድግዳውም ሰማያዊ ከሆነ ክፍሉ አመድማ ሆኖ ይውላል። ወለሉም ሊሾ ነው። ቀለም ብርዱን እንደማይቀንስ አውቃለሁ፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብርድ ያው ብርድ ነው። ግን ሰው ገብቶ ሲቀመጥ ዓይኑም ይበርደዋል። እርስዎ ደግሞ ዳዊትዎን የሚደግሙት እዚያው ነው።

ስለ ዓይንዎም አስቤያለሁ። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ ወደ ቢጫ ይለወጥና ሰማያዊውን ብርሃን ያስቀረዋል። ለቀቢው፣ ለዚያ ወጣት፣ ጥርት ያለ ሰማይ የሚመስለው ለእርስዎ ደብዛዛ ግራጫ ሊሆንብዎት ይችላል።

እኔ የምመርጥልዎት የገለባ ዓይነት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ከመንዙ ባናዎ ጋርም ይሄዳል። ደማቅ ብርቱካን ወይም ቀይ አልልም፤ እነሱ ግድግዳውን ወደ ሰው ያስጠጉታል፣ ክፍሉም ያንስብዎታል። ኮርኒሱ ነጭ ይሁን። የበሩ ጉበን ግን ጠቆር ባለ ቡናማ ይቀባ፤ ሌሊት ሲነሡ ከግድግዳው ተለይቶ ይታይዎታል። አምፖሉንም እንቀይረው። ካርቶኑ ላይ 6500 የሚለው ሰማያዊ የሚቀላቅል ነጭ ነው፣ ቢጫውን ግድግዳ ያበላሸዋል። 2700 ወይም 3000 የሚለውን እኔ አመጣለሁ።

ቀቢው ሁሉንም ከመቀባቱ በፊት የእንጀራ ምጣድ የሚያህል ቦታ በሁለት ግድግዳ ላይ ይሞክርልዎ፤ አንዱ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ አንዱ ከመስኮቱ ጎን። እርጥብ እያለ አይፍረዱ፣ የውሃ ቀለም ሲደርቅ መልኩ ይለወጣል። ጠዋት ይዩት፣ ማታም አምፖል በርቶ ይዩት። በጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ ክረምቱን ውሃ ጠጥቷልና እጅዎን አስደግፈው ይዳስሱት፤ ከቀዘቀዘና ከረጠበ ይቆይ፣ አለዚያ ቀለሙ አብጦ ይላጣል።

ሞክረው ሰማያዊው ከበለጠብዎት ቤቱ የእርስዎ ነው፣ እሺ እላለሁ። ብቻ ቢጫውን ሳያዩ አይወስኑብኝ። ቅዳሜ ቀለሙን ይዤ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ቀቢው ሳሎኑን ይጀምር።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ